ሲኞራ ኤልቪራና ሁለተኛው ጉርሻ

የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲኞር ናንዶ አላምጠው ዋጡት፤ ፈገግም አሉ። ሁለተኛውን አጉርሻቸው እጄን ገና ሳልሰበስብ ዐይናቸው ፈጠጠ። ግራ እጃቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨመደደ። አፋቸው ተከፍቷል፣ ድምፅ ግን የለም። ቢያስሉ እኮ ደግ ነበር፤ ሳልም የለም። ፊታቸው ቀላ፣ ከዚያ ከንፈራቸው መጥቆር ጀመረ። ያኔ ገባኝ። ሰው እየሞተ ነው፤ የምገድለውም እኔ ነኝ። ጣቴ ላይ ሽሮ አለ፣ ቆሜ አያለሁ፣ መጮህ እንኳ አቃተኝ።

«ዘወር በይ ከፊቱ!»

የጮሁት ሲኞራ ኤልቪራ ናቸው፤ የምግብ አዳራሹ በር ላይ ከሚቀመጡበት ወንበር ተነሥተው። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነበር። ያለ ከዘራ አንድ እርምጃ የማይሄዱት ሴትዮ ያን ቀን ከዘራውን ጥለው መጡ። በአንድ እጃቸው የሲኞር ናንዶን ደረት ደግፈው ወደፊት አጎነበሷቸው፤ በሌላው መዳፋቸው ጀርባቸውን ይመቱ ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በአራተኛው ጉርሻዬ እንደተጠቀለለ ነጩ የጠረጴዛ ጨርቅ ላይ ዱብ አለ። ሲኞር ናንዶ አየር ሳቡ። ከዚያ ሳሉ፣ እንባቸው ወረደ።

ነርሷ ስትሮጥ ደረሰች። «ምንድነው የበሉት? ማነው የሰጣቸው?»

«ራሳቸው ናቸው» አልኩ። «ከምሳ ዕቃዬ ራሳቸው አነሱት።»

ሲኞራ ኤልቪራ ቀና ብለው አዩኝ። ያን አስተያየት እስካሁን ጀርባዬ ላይ ተሸክሜው እዞራለሁ።

እኚህ ሴት ካረፉ ሁለት ወር ሆናቸው። ከአራተኛ ክፍል በላይ ስላልተማርኩ መጻፍ ይከብደኛል፤ ስለሳቸው ግን ሌላ ሰው እንዲጽፍልኝ አልፈለግሁም።

ሮም ከመጣሁ ስምንት ዓመቴ ነው። መጀመሪያ ሰው ቤት ሠራሁ፤ ኋላ በዚህ የአረጋውያን መኖሪያ በጽዳት ተቀጠርኩ። ልጄን መክሊትን ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ አዲስ አበባ እህቴ ጋ ትቻት ነው የመጣሁት። ይህ ሁሉ ሲሆን አሥራ ሰባት ሞልቷታል። እሷን ወደኔ የማመጣበት ወረቀት የገባው በዚህ ሥራ ኮንትራቶ፣ ማለት በሥራ ውሉ፣ ነበር። ኮንትራቶው ከተቋረጠ የኔም ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ችግር ላይ ይወድቃል፣ የልጄም ወረቀት ይቀራል። መልሱን በየቀኑ እንጠብቅ ነበር። እንግዲህ በዚያች ደቂቃ አፌን ያዋሸኝ ይኸ ነው። ሲኞር ናንዶ ገና ሳላቸው ሳይቆም እኔ የማስበው ልጄን ነበር።

ሲኞራ ኤልቪራ ሠላሳ አንድ ዓመት በሮም አውቶቡስና ትራም ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ጡረታ ወጡ፣ ባላቸው ሞቱ፣ እዚህ ገቡ፤ ሥራቸውን ግን አልተዉትም። ቁርስም ምሳም ሲደርስ አዳራሹ በር ላይ ወንበር አስቀምጠው ይቀመጣሉ። የሚገባውን ሁሉ እጃቸውን ዘርግተው «ትኬት!» ይላሉ። ነዋሪው ያገኘውን ይሰጣል፤ አንዱ የከረሜላ ልጣጭ፣ አንዱ አሮጌ ፖስታ፣ አንዷ የልጅ ልጇን ሥዕል። እሳቸው ከኪሳቸው ያቺን የድሮ ብረት መብሻ ያወጣሉ፤ ቀጭ! ይበሱና «ግባ፣ ቦታ አለ» ይላሉ። አንድ ቀን የሐኪሙን የመድኃኒት ማዘዣ በሱበትና ሐኪሙ ተቆጣ።

«ዶቶሬ፣ ያለ ትኬት ገብተህ ቢሆን ኖሮ ምሳ አታገኝም ነበር» አሉት።

መጀመሪያ የጃጁ መስሎኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። ትኬት ሳይዝ የቀረውን ሰው ክፍሉ ድረስ ሄደው ይፈልጉታል። አንዲት አሮጊት መታጠቢያ ቤት ወድቃ ሳለ ቀድመው ያገኟት እሳቸው ናቸው፤ «የአሥራ አራት ቁጥሯ ትኬት አልመጣም» ብለው። በዚያ ላይ የቤቱን ቮሎንታሪዎች፣ ማለት በነፃ የሚረዱትን ሰዎች፣ የሚመድቡት እሳቸው ነበሩ። ለማን ማን ጋዜጣ ያነባል፣ ማንን ማን ያበላል፣ ሁሉ በደብተራቸው ነው።

እኔንም እንዲሁ ነው የያዙኝ። ፈረቃዬ ከምሳ በፊት ያልቃል። አንድ ቀን ቦርሳዬን አንግቤ ስወጣ ከዘራቸውን በፊቴ ዘረጉ።

«ወዴት?»

«ባስ ልጠብቅ ሲኞራ። ቤቴ ቶር ፒኛታራ ነው።»

«የአንቺን ባስ እኔ አውቀዋለሁ። በሰዓቱ መጥቶ አያውቅም። ውጭ ቆመሽ ከምትጠብቂው እዚህ ተቀምጠሽ ጠብቂ።» ወደ ሲኞር ናንዶ ጠቆሙኝ። «እሱን እያበላሽ።»

«እኔ ጽዳት ነኝ እኮ።»

«እጅሽን አይቼዋለሁ። ሰው ስትነኪ አትቸኩይም። ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ሰባት ወር ያህል፣ ፈረቃዬ ሲያልቅ ሲኞር ናንዶን ሳላበላ ወጥቼ አላውቅም። ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ፤ ዳቦ ቤታቸውም እኔ የምኖርበት ሰፈር ነበር። ስትሮክ መቷቸው ንግግራቸውንና ቀኝ እጃቸውን ወስዶባቸዋል። የሚበሉት ሁሉ እንደ ሕፃን ምግብ የላመ ነው። እኔ ጥርስ ስለሌላቸው መስሎኝ ነበር። መዋጥ የሚያቅታቸው መሆኑን ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። የኔ ጥፋት እዚህ ላይ ይጀምራል።

ያ ቀን ረቡዕ ነበር፤ ጾም ስለሆነ ምሳ ዕቃዬ ውስጥ ሽሮ በእንጀራ ነው የያዝኩት። ሲኞር ናንዶ የላመውን ምግባቸውን ገፍተው እምቢ አሉ። እኔም ርቦኝ ነበርና ምሳ ዕቃዬን አጠገባቸው ከፈትኩ። የእንጀራው እርሾ ሲሸታቸው አንገታቸው ቀና አለ። አፍንጫቸው ተንቀሳቀሰ። በዚያ ሁሉ ወር እንዲያ ሲነቁ አይቻቸው አላውቅም። አዩኝ፣ እንጀራውን አዩ፣ አፋቸውን ከፈቱ።

ሰው እያየኝ መብላት አልችልም። ሰው አፉን ከፍቶ እያየኝማ እንዴት ብዬ! ጥርስ ለሌለው ሽማግሌ እናቴ እንደምታደርገው በሽሮው በደንብ አርሼ፣ አለስልሼ አጎረስኳቸው። በእኛ ቤት ደግሞ በአንድ ጉርሻ የሚያቆም የለም። ደገምኩ።

በማግሥቱ ቢሮ ተጠርቼ አንድ ወረቀት አስፈረሙኝ። ሲኞር ናንዶ ከኔ ዕቃ ላይ ራሳቸው አንስተው እንደበሉ ይላል። ፈረምኩ። አለቀ ብዬ ተነፈስኩ።

ዓርብ ዕለት ኮሪደሩን ስወለውል ከዘራቸው ከመወልወያዬ ፊት ቆመ።

«የናንዶ ትኬት ሁለት ቀን አልመጣም» አሉኝ።

«አሟቸው ይሆናል።»

«ነይ።»

ከኋላቸው ሄድኩ። የሲኞር ናንዶ ክፍል በር ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል። ጽሑፉ አስቸገረኝ። እሳቸው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡልኝ፤ «ከሌላ ሰው ሳህን ላይ ያነሣል። አዳራሽ አይገባም። ብቻውን ይመገብ።»

በሩን ገፋ አደረጉት። ሲኞር ናንዶ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ያለችው ትንሽ ጠረጴዛ ባዶ ናት። ግራ እጃቸው ብቻ ይሄዳል ይመጣል፣ ሊጥ እንደሚያሽ። እኚህ ሰው ከጠረጴዛው ግርግር በቀር በዚያ ቤት የሚወዱት አልነበራቸውም።

«ያለ ትኬት የተሳፈረው እሱ ነው?» አሉኝ ሲኞራ ኤልቪራ።

አለቀስኩ። እጃቸውን ያዝኩ። «ሲኞራ፣ ልጅ አለችኝ። ወረቀቷ ሊመጣ ነው። ከሥራ ካስወጡኝ ልጄ ቀረች ማለት ነው። ስምንት ዓመት ነው የጠበቅኩት። እባክዎ አይናገሩብኝ።»

«እኔ አልናገርም። የምትናገሪው አንቺ ነሽ። እስከ ሰኞ ጠዋት ጊዜ አለሽ።»

«ባልናገርስ?»

«ማንም ካልጠየቀኝ ዝም እላለሁ። ከጠየቁኝ አልዋሽም።» እጃቸውን አላስለቀቁኝም። «ስሚኝ ቲሩ።» ጥሩነሽ ማለት ስለሚያቅታቸው ቲሩ ነበር የሚሉኝ። «በሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ምራ አታውቅም ይሉኛል። ውሸት ነው። ሳልደርስበት ራሱ ወደኔ የመጣውን፣ ሲኞራ ትኬት የለኝም ያለኝን፣ አንድም ቀን ቀጥቼ አላውቅም።»

«የቤቱ ኃላፊ እኮ እንደ እርስዎ አይደለችም!»

«አይደለችም» አሉ። «ለዚህ ነው አብሬሽ የምገባው።»

ቅዳሜ ቪያ ቮልቱርኖ የሚባለው መንገድ ሄጄ ጓደኛዬን ጸዳለን አገኘኋት። አሮጊት ቤት እያደረች የምትሠራ፣ አፏ የማይዘጋ ልጅ ናት። ሁሉን ነገርኳት።

«አብደሻል እንዴ ጥሩዬ? ሽማግሌው አይናገር፣ አሮጊቷ ደግሞ ከነገ ወዲያ ትረሳዋለች! የኔዋ እንኳ ስሜን በቀን ሦስቴ ነው የምትጠይቀኝ።»

«እኚህ አይረሱም።»

«ቢያስታውሱስ? ለሰማንያ ምናምን ዓመት አሮጊት ብለሽ ልጅሽን ልታስቀሪ? አፍሽን ዝጊና ሥራሽን ሥሪ። እኔ ብሆን አሁን ሄጄ ያቺን መብሻ ነበር የምሰርቃት።»

ሳቅን። ሳቁ ግን አልወረደልኝም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መክሊት ደወለች። «እማ፣ እዚያ ብርድ ነው? አክስቴ ካፖርት ከዚህ ልግዛልሽ አለችኝ። ይዤ ልምጣ ወይስ እዚያ ይገዛል?»

«ቆይ» አልኳት። «ገና ነው፣ አትቸኩሉ።»

«ምነው? አልሰጥም አሉ እንዴ?»

«አላሉም።»

«ድምፅሽ ልክ አይደለም እማ።»

«ባስ ውስጥ ነኝ፣ አይሰማም» ብዬ ዘጋሁት። ባስ ውስጥ አልነበርኩም። ቶር ፒኛታራ ያለችው ክፍሌ አልጋ ላይ ተቀምጬ ነበር። ለካ አንዱን ውሸት ልጠብቅ ብዬ ልጄንም መዋሸት ጀምሬያለሁ። እንደዚያ እየዋሸሁ ባመጣት ደግሞ፣ ሲኞር ናንዶ ግድግዳ እያዩ፣ እኔ ከልጄ ጋር ጠረጴዛ ቀርቤ እንዴት ነው የሚዋጥልኝ?

ሰኞ ጠዋት ሲኞራ ኤልቪራ ቢሮው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ፀጉራቸውን አበጥረዋል፣ ሊፒስቲክ ተቀብተዋል። ከዘራቸውን ሰጡኝ፤ እሳቸው ክንዴን ያዙ። እንዲያ ተደጋግፈን ገባን።

«ሲኞራ ኤልቪራ፣ እርስዎን አልጠራሁም» አለች የቤቱ ኃላፊ።

«እኔም ተጠርቼ አልመጣሁም። ተናገሪ ቲሩ።»

«ሲኞር ናንዶ አላነሱም» አልኩ። «እኔ ነኝ በእጄ ያጎረስኳቸው፤ ሁለት ጊዜ። የላመ የሚበሉት ጥርስ ስለሌላቸው መስሎኝ ነበር። ትን ሲላቸው ፈርቼ ዋሸሁ።»

ኃላፊዋ ከመሳቢያዋ ወረቀቱን አወጣች። «ይሄ ፊርማ የማነው?»

«የኔ።»

«ውሸት መሆኑን እያወቅሽ ፈረምሽ።»

«አዎ።»

መነጽሯን አወለቀች። «በስሕተት ብትሰጪው አንድ ነገር ነው። በዚህ ወረቀት ግን እኔ አንድ ሽማግሌ አምስት ቀን ብቻውን አስቀመጥኩ። ይህን ለበላዮቼ አሳውቃለሁ። ለቤተሰቡም። ኮንትራቶሽን እነሱ ናቸው የሚወስኑት።»

ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። ጆሮዬ ውስጥ የመክሊት ካፖርት ብቻ ነበር። ያነቃኝ የብረት ድምፅ ነው። ሲኞራ ኤልቪራ መብሻቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋል።

«እኔንም ጻፊ» አሉ። «ወደ ጠረጴዛው ያመጣኋት እኔ ነኝ። የማንኪያ አያያዝ አሳየኋት፤ ናንዶ መዋጥ እንደማይችል ግን አልነገርኳትም። ሁሉ ሰው የሚያውቅ መስሎኝ። ሳያስተምሩ ሰው ማሰማራት ጥፋት አይደለም?»

«እርስዎ ነዋሪ ነዎት። እርስዎን ምን ላደርግ?»

«የበሩን ወንበር ውሰጂያ።»

ያ ወንበር ለሲኞራ ኤልቪራ ምን እንደሆነ በዚያ ቤት የማያውቅ አልነበረም። ኃላፊዋም ታውቃለች። መብሻውን አየች፣ እኔን አየች፣ በመጨረሻም «ቫ ቤኔ» አለች፤ እሺ ማለቷ ነው። በዚያኑ ዕለት ወንበሩ ተነሣ። በዚያኑ ዕለት ሲኞር ናንዶም ወደ ጠረጴዛቸው ተመለሱ።

ከዚያ አሥር ቀን ጠበቅሁ። በየጠዋቱ ስገባ ዘበኛው መታወቂያዬን ይቀበለኛል እያልኩ ፊቱን እመረምር ነበር። በስድስተኛው ቀን የሲኞር ናንዶ ልጅ መጣች። ኮሪደር ላይ አገኘችኝ።

«አባቴን ልትገድዪው ነበር።»

«አዎ ሲኞራ።»

«ምንድነው ያበላሽው?»

«የአገሬ እንጀራ። በእርሾ የሚቦካ።»

«በእርሾ?» ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ልብሱ እርሾ ይሸት ነበር» አለች። ከዚያ ዞራ ዐይኔን አየችኝ። «አልከስሽም። ለኃላፊዋም ነግሬያታለሁ። ይቅር ብዬሻለሁ ማለት ግን አይደለም። ሁለተኛ ምግብ ይዘሽ አጠገቡ እንዳላይሽ።»

«አያዩኝም ሲኞራ።»

በአሥረኛው ቀን ውሳኔው መጣ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ አመጋገብ የሚያስተምሩበትን ኮርስ ሳልጨርስ ጠረጴዛ እንዳልቀርብ ተከለከልኩ። ኮንትራቶዬ ግን አልተነካም። ወረቀቱን ይዤ ወደ ሲኞራ ኤልቪራ ሮጥኩ። አነበቡት፣ መብሻቸውን አወጡ፣ ማስጠንቀቂያዬን ጥጉ ላይ ቀጭ! አደረጉት።

«ተከፍሏል» አሉኝ።

ወንበራቸው ከበሩ ቢነሣም ሥራቸው አልቆመም። ሲኞር ናንዶ አጠገብ ይቀመጡ ነበር፤ ሰዎቹም ከበሩ አልፈው ትኬታቸውን ወደዚያ ይዘውላቸው ይሄዱ ጀመር፣ ተሰልፈው። ኃላፊዋ አየች፣ እንዳላየች ሆና አለፈች።

አንድ ቀን አልጋቸውን ሳነጥፍ «ስለኔ ወንበሩን እንዴት ሰጡ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጫማቸውን እያዩ መለሱልኝ።

«ትራም ላይ አንዲት ሴት ነበረች፣ ልጅ ታቅፋ። ትኬት የላትም። አየችኝ፣ ልትነግረኝ ተነሣች፣ ፈራች፣ መልሳ ተቀመጠች። ደረስኩባትና ቀጣኋት። እየመጣች ነበር እኮ ቲሩ። የቀራት ሦስት እርምጃ ነው። ሦስቱን እኔ ብሄድላት ምን ነበረበት?»

የመክሊት ወረቀት በብርዱ ወራት መጨረሻ መጣ። ካፖርቱን ለብሳ ነው ከአውሮፕላኑ የወረደችው፤ እኔ የማውቃት ልጅ ትከሻዬ ላይ ትደርስ ነበር፣ ያቀፈችኝ ግን ከኔ ትረዝማለች። በሦስተኛው ቀን ወደ ሲኞራ ኤልቪራ ወሰድኳት። አልጋ ላይ ወድቀዋል፤ ድምፃቸው ሳስቷል። ልጄን ከእግር እስከ ራሷ አዩና እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ሥር አወጡ።

«ትኬት!»

መክሊት ደንግጣ አየችኝ። «የሆነ ወረቀት ስጫቸው» አልኳት በአማርኛ። ካፖርቷ ኪስ ውስጥ የአውሮፕላኑ መሳፈሪያ ወረቀት ቁራጭ ነበረ፤ እሱን ሰጠቻቸው። መብሻውን ያዙ፣ መጫን ግን አቃታቸው። ሞከሩ፤ እንደገና ሞከሩ። ያኔ መክሊት ማንም ሳይነግራት መዳፏን በእጃቸው ላይ ደርባ አብራቸው ጫነች። ቀጭ!

«ደርሰሻል» አሏት።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አረፉ። ቀብራቸው ላይ ሲኞር ናንዶ በተሽከርካሪ ወንበራቸው መጥተው ነበር፤ በግራ እጃቸው አንድ የከረሜላ ልጣጭ ጨብጠው። ሳጥኑ ላይ አኖሩት።

ዛሬ ሐሙስ ከሰዓት ነው፣ ሥራ የለኝም። መክሊት ትምህርት ቤት ናት። ፔርሜሶዬ ታድሷል። ኮርሱን ጨርሻለሁ፤ ከሰኞ ጀምሮ ጠረጴዛ እንድቀርብ ተፈቅዶልኛል። የተበሳችው የመሳፈሪያ ወረቀት ከበራችን ጀርባ ተለጥፋለች፤ ስወጣም ስገባም አያታለሁ። በር ሲንኳኳ አልደነግጥም፣ ስልክ ሲጮህ ሳልፈራ አነሣለሁ። ልጄ እጄ ገብታለች፣ ማንንም ዋሽቼ አይደለም። ደህና ነኝ። ሁለታችንም ደህና ነን።